የኤልናታን ዓሣ

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህና ለምናፍቅህ ልጄ ለኤልናታን፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ካልሆነ አያስቸግረኝም፤ ደግነቱ ቤታችን ደረጃ የለውም።

ደብዳቤ ሲደርስህ እንዳትደነግጥ፤ ሰው አልሞተም። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምንድነው እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ ግን አንተ «እማ፣ ባትሪው እንዴት ነው?» ትለኛለህ፣ እኔም «ደህና ነው» እልሃለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ተቆራረጠ ትልና ትዘጋለህ። በወረቀት ቢያንስ ኔትወርክ አይቆራረጥም። ቃልኪዳን እረፍቷን ጨርሳ ከነገ ወዲያ ወደ እናንተ ወደ ሻርጃ ስለምትመለስ፣ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። በርበሬው ያቃጥላል፤ በልኩ አድርግ።

ባለፈው እሑድ ስትደውል «ትልቁን ባትሪ ልላክልሽ፤ መብራት ስንት ቀን ቢጠፋ ፍሪጁን ያቆይልሻል» ብለኸኝ፣ እኔም «እስቲ ላስብበት» ብዬህ ነበር። አስቤበታለሁ። መልሴን ከመናገሬ በፊት ግን ትንሹ ባትሪ እዚህ ሰፈር ምን ምን እንዳደረገ ልንገርህ፤ ምክንያቱም በስልክ «ደህና ነው» ያልኩህ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም።

ያ የባትሪ ሳጥን የመጣ ዕለት ትዝ ይልሃል? አንተ በቪዲዮ ሆነህ «እማ፣ ያንን ገመድ እዚህ፣ ይህን እዚያ» ስትለኝ፣ እኔ ከገመዱ ይልቅ ፊትህን ሳይ እየተሳሳትኩ አበሳጨሁህ። መጨረሻ ላይ የሰካችው ኑሪያ ናት፤ ሰርቪሷን የተከራየችው የኮምቦልቻዋ ተማሪ። ከዚያ ወዲህ የሳጥኑ አዛዥ እሷ ሆና ቀርታለች። እንዲህ ስልህ እሷም አንድ ቀን ሂጃቧን ልተኩስ ብላ ካውያ ሰካችበት፤ ሳጥኑ ጅራቱን እንደረገጡት ድመት ጮኸ። «እትዬ፣ ፈነዳ!» ብላ ወደ ግቢው ስትሮጥ፣ እኔ ደግሞ ከሳቄ ብዛት ሄጄ መንቀል አቃተኝ።

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ የእኛ ቤት ብቻ ያበራል። መጀመሪያ የመጣችው ብዙአየሁ ናት፣ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን፤ ስልኳን ይዛ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያሉት፣ ከዚያ የኑሪያ ጓደኞች ላፕቶፓቸውን ይዘው፣ ከዚያ ማን ማን እንደሆነ ሳላውቀው ቤቱ ሞላ። ሰው ስልኩን ሰክቶ እንዲሁ አይሄድም መቼም፤ ቁጭ ይላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ያወራል። መጀመሪያ «የኤልናታን ባትሪ» ይሉት ነበር። እያደር «ባትሪ» የሚለው ቀረና «ኤልናታን» ብቻ ሆነ። በሩን ያንኳኩና «እትዬ ፅጌ፣ ኤልናታን አለ?» ይሉኛል። «አለ፣ ግቡ» እላለሁ። «ኤልናታን ጠግቧል?» «ኧረ ዛሬ ደክሟል፣ ሁለት ስልክ ብቻ ነው የሚችለው።» ቢገርምህ ደስ ይለኝ ነበር። ስምህ በቀን አሥር ጊዜ ይጠራል፣ እኔም አለ እላለሁ።

አየህ፣ ሰው ሁሉ መብራት ሲጠፋ ያማርራል፤ እናትህ ግን አምፖሉ ድርግም ሲል ብድግ ብላ ሻይ ትጥዳለች። አባትህ ካረፈ፣ አንተም ከሄድክ ወዲህ ይህ ሳሎን እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ክፋቱ መብራቱ ሲመጣ ነው። ልጆቹ ከደጅ «መጣ!» ብለው ሲጮኹ፣ ሁሉም ቻርጀሩን ነቅሎ፣ «እግዜር ይስጥልን እትዬ ፅጌ» ብሎ ውልቅ ነው። የጀመርኩትን ወሬ የምጨርሰው ለኩባያዎቹ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ሲዘንብ፣ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ሳለ፣ ጓዳ ገብቼ ፍሪጁ ላይ ያለችው ስታብላይዘር መብራቷን ስታበራ አየሁ። መጥቷል ማለት ነው። ዝም አልኩ። የሳሎኑን ማብሪያ አጥፍቼው ስለነበር ማንም አላወቀም፤ ተመልሼ ቁጭ አልኩና ወሬያችንን ቀጠልን። ይህን ለፓስተራችንም አልተናዘዝኩም፣ ላንተ ነው የምነግርህ።

እሺ፣ አሁን ወደ ዓሣው ልምጣ።

ለመስቀል እመጣለሁ ስትለኝ በጧት ባጃጅ ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩ። አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሳያስጠጉ ነበር የደረስኩት። ቆሮሶውን አንድ በአንድ ራሴ መረጥኩ፤ አንተ የምትወደውን፣ ትልልቁን። ሆዱን አስወጥቼና አሳጥቤ በላስቲክ በላስቲክ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ ደረደርኩት። ከፒያሳም ለክትፎ የሚሆን ቀይ ሥጋ አስመጣሁ። ዶሮም ታርዶ፣ ተገነጣጥሎ ገባ። ፍሪዘሩ በሩ አልዘጋ አለኝ፤ በጉልበቴ ገፍቼ ነው የዘጋሁት። ከዚያ ለሰፈሩ በሙሉ ሕግ አወጣሁ፤ ስልክም ላፕቶፕም የሚሰካው የፍሪጁ ገመድ ከተሰካ በኋላ ነው፤ የፍሪጁን ገመድ ማንም እንዳይነካ። «የኤልናታን ዓሣ ነው» እላለሁ፣ ሁሉም ያከብሩልኛል። ኑሪያ እንኳ ለእኔ ውኃ ልትቀዳ ስትከፍተው እንደ ሌባ ቶሎ ከፍታ ቶሎ ትዘጋዋለች።

መስቀል ደረሰ። ደወልክ። እረፍት አልሰጡኝም አልክ። ምንም አይደል፣ ሥራ ነው። ቀጥለህ ግን «እማ፣ ዓሣው እንደሆነ ምንም አይሆንም፤ ባትሪው አለ አይደል? ለገና እመጣለሁ» አልክ። እኔም «አዎ፣ ምንም አይሆንም» አልኩህ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሄጄ ፍሪዘሩን ከፈትኩና ቆሮሶዎቹን አየኋቸው። እውነትህን ነው፣ ምንም አልሆኑም። እንዳሉ ነበሩ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ያ ኃይለኛ ነፋስና ዝናብ መጣ። ከመንገዱ ጫፍ ያለችው ዋርካ ቅርንጫፏ ተገንጥሎ የመብራቱን ምሰሶ ይዞት ወደቀ፣ ሰፈሩም ጨለመ። ሠራተኞቹ መጥተው አይተው፣ ምሰሶው ተሰብሯልና ዛሬ የሚሆን አይደለም ብለው ሄዱ። እኔ ያን ጊዜ ክፉ ሆንኩ ልጄ። በር ላይ ቆሜ «ዛሬ ለስልክ የለም፤ የኤልናታን ዓሣ ይቀልጣል» አልኳቸው። ማንም አልተከፋብኝም። «እውነትሽን ነው እትዬ ፅጌ፣ ልጅሽ ይብላው እንጂ» እያሉ ተመለሱ። ኑሪያም ፈተና ስላላት ወደ ዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ሄደች፤ እዚያ ጀነሬተር አለ።

እንግዲህ መብራት ጠፍቶ ቤቴ ባዶ የሆነው ያን ቀን ነው። እኔ፣ ሳጥኑና ፍሪጁ ተፋጠን ተቀመጥን። የሳጥኑ ቁጥር ሲቀንስ አያለሁ፣ ሲጨንቀኝ ሻማውን አጠፋለሁ፣ ሻማው ከባትሪ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ ይመስል። በማግስቱም መብራት የለም፤ ሰውም የለም። ከሰዓት በኋላ ዝምታው ሲበዛብኝ አንድ ነገር ልብ አልኩ። በግድግዳው ማዶ ሁልጊዜ የሚሰማው ጉምጉምታ የለም።

ጋሼ ወርቁን ታስታውሳለህ፣ የብዙአየሁን ባል፤ የሞያሌን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስበት የኖረውን። ሳንባው ከተጎዳ ወዲህ ሐኪሞች ቤቱ ሆኖ በኦክስጅን ማሽን እንዲተነፍስ አዘውለት ነበር። በመብራት የሚሠራ ነው፤ መብራቱ ለጥቂት ሰዓት ሲጠፋ ግን ይችለው ነበር። እኔ የማሽኑን ድምፅ ከመልመዴ የተነሣ እንደ ራሴ ቤት ድምፅ ነበር የምሰማው። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜም ወደዚያ የሄድኩት ለእሱ አስቤ አይደለም። ሰው ናፍቆኝ ነው። ጨው ያለቀብኝ መስዬ ትንሽ ሳህን ይዤ ሄድኩ።

ጋሼ ወርቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ አየር በአፉ ይስባል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ብዙአየሁ በድስት ክዳን ታራግብለታለች። የልጅ ልጃቸው ሳምሪ ጥግ ላይ ቆማ አውራ ጣቷን ትጠባለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከትናንት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ እያለው ነበር። ዛሬ ባሰበት። ባጃጅ አስጠርቻለሁ፣ መንገዱ በዛፉ ተዘግቷል አሉ።»

«ብዙዬ! እዚህ ግድግዳ ስር ባትሪ እያለልሽ? ለምን አልጠራሽኝም?»

ክዳኑን ማራገቧን ሳታቆም ምን አለችኝ መሰለህ? «ፅግዬ፣ ያንቺን የልጅ ነገር እያወቅኩ? ስንት ሳምንት ያስቀመጥሽለትን ዓሣ አስቀልጬብሽ፣ ኤልናታን ሲመጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«በምን ዓይንሽ ታዪዋለሽ? መጀመሪያ እኮ መምጣት አለበት!» ብዬ ጮኽኩ።

ይህን ቃል እኔም ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ያህል ነው የደነገጥኩት። ብዙአየሁ አንገቷን ደፋች። ጋሼ ወርቁ እንኳ ያንን ትንፋሹን ይዞ ቀና ብሎ አየኝ።

ቤት ተመልሼ የፍሪጁን ገመድ ነቀልኩ። በስንት ቃል ኪዳን የሰካሁትን ገመድ እንደ ማንኛውም ገመድ ነቀልኩት። ሳጥኑ ከባድ መሆኑን ታውቃለህ፤ ጉልበቴ ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም፣ ታቅፌው በጭቃው ሄድኩ። ማሽኑን ስንሰካው ያ ጉምጉምታ ተነሣ። ቱቦዋን አፍንጫው ላይ አደረግንለት። አጠገቡ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከንፈሩ ቀስ በቀስ መልኩን ያዘ። ብዙአየሁ የድስቱን ክዳን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች። አስበው ልጄ፣ እኔ በዚህኛው በኩል ቁጭ ብዬ ዓሣ ሳቀዘቅዝ፣ በዚያኛው በኩል ሰው ይታፈን ነበር። ጨው ባያልቅብኝ ኖሮ ምን ሊሆን ነበር እላለሁ፤ ጨውም እኮ አላለቀብኝም።

ጋሼ ወርቁ መናገር ሲችል መጀመሪያ ያለው «ጌታ ኤልናታንን ይባርከው» ነው። ሳምሪ ሳጥኑን በእጇ ዳሰስ ዳሰስ እያደረገች «ኤልናታን ጎበዝ» አለች። እኔም ስልኬን አውጥቼ ፎቶህን አሳየኋት፣ ያንን በሰማያዊ ሸሚዝ የተነሣኸውን። «ኤልናታን ይኸውልሽ፤ የእኔ ልጅ ነው» አልኳት። ፎቶውን አየች፣ ሳጥኑን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

«ኤልናታን ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ወርቁም ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ። እኔም ሳቅኩ። አምስት ዓመቷ ነው፤ አንተ ስትሄድ አልተወለደችም ነበር። ቤቴ ገብቼ ግን ሳቁ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ። ወለሉ ላይ ከፍሪጁ ሥር ውኃ ይወርዳል። ጨርቅ አምጥቼ ወለወልኩ፣ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ወለወልኩ።

ሲነጋ ከሰል አቀጣጠልኩና ያለውን ሁሉ አወጣሁት። ቆሮሶው ለስልሷል እንጂ አልተበላሸም። ኑሪያም መጥታ ነበርና እጅጌዋን ሰብስባ አብራኝ ጠበሰች፤ ሥጋውንና ዶሮውን ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ትታ ለእሷ የሚሆን ሽንኩርትና ድንች ለብቻ አወጣች፣ ዓሣውን ግን እኩል ነው የበላችው። ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ዳጣ ፈጨሁ። በግቢው ሣር ላይ ምንጣፍ አነጠፍንና ከበር የመለስኳቸውን ሁሉ ጠራኋቸው። እያንዳንዳቸው መጀመሪያ «ውይ፣ የኤልናታን ዓሣ?» ይላሉ፣ እኔም «ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» እላቸዋለሁ። ጋሼ ወርቁ ትንሽ ዐርፎ በባጃጁ ፋንታ በሰው ክንድ ተደግፎ መጣ፤ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ከነራሱ ብቻውን ጨረሰ። አንተ የምትጨርሰውን ያህል። ሳየው ደስም አለኝ፣ ቀናሁም።

በምግቡ መሐል ልጆቹ ከመንገድ «መጣ!» ብለው ጮኹ። እኔ ከልማዴ የተነሣ እጄን ጠርጌ ደህና ሁኑ ልላቸው ተዘጋጀሁ። ማንም አልተነሣም። ብዙአየሁ እሾሁን ለሳምሪ እየለቀመች «እሱስ ይምጣ፤ ፅግዬ፣ ያ ዳጣ እዚህ አልደረሰም» አለች። እስኪመሽ ድረስ ቆዩ። ሲሄዱም ሳህኑን አጥበውልኝ ነው የሄዱት። ከዚያ በሩን ዘግቼ ገባሁ፤ መብራት አለ፣ ሁሉም አምፖል በርቷል፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። ይህንንም ካልነገርኩህ ደብዳቤው ለምን ተጻፈ?

ሌላ አንድ ነገር። ቃልኪዳን ሽሮውን ልትወስድ ስትመጣ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ አንቺስ እረፍት እንዴት አገኘሽ አልኳት። «ኧረ እትዬ፣ እኛ ካምፓኒ ለሁሉም ሰው በየዓመቱ ይሰጣል» አለችኝ። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰችና ስለ በርበሬው ማውራት ጀመረች። አንተና እሷ አንድ ካምፓኒ ውስጥ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። አልጠየቅኳትም። አንተንም አልጠይቅህም። እሷን ደግሞ እንዳትቆጣብኝ፤ እኔ ምንም አልሰማሁም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ትልቁን ባትሪ አትላክ።

ትንሹ አሁን ጋሼ ወርቁ ቤት ነው። እዚያው ይኑር ብያለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ሰው «ኤልናታን አለ?» እያለ የሚያንኳኳው የእነሱን በር ነው። እኔም አብሬ ሄጄ እቀመጣለሁ። ስምህን እንዲለውጡት ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን እሱም ከሚቀር ብዬ ተውኩት።

ለእኔ ለፍሪጅ ከሆነ ግን አያስፈልገኝም። ድሮ መብራት ሲጠፋ «ያስቀመጥኩልህ ሊበላሽ ነው» ስልህ ትጨነቅ ነበር፤ «ቆይ እማ፣ ቶሎ እመጣለሁ» ትለኝ ነበር። ያ ሳጥን ከመጣ ወዲህ የሚበላሽ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚያስቸኩልህም ነገር የለም። ዓሣው ይቆያል፣ መስቀል ለገና ይቆያል፣ ገና ደግሞ ለፋሲካ። ትልቁ ሲመጣ ስንት ዓመት ሊቆይ ነው? ሐይቁ እኮ የትም አልሄደም። የመጣህ ዕለት አብረን እንወርዳለን፤ አንተው ትመርጣለህ፣ በዚያው ቀን እጠብስልሃለሁ።

ፍሪጁን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼዋለሁ። ገመዱ ተነቅሏል። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አንተን የሚጠብቅህ እኔ ብቻ ነኝ ልጄ፤ እኔን ደግሞ የሚያቆየኝ ባትሪ የለም።

በምትወጣበት በምትገባበት ጌታ ከፊትህ ይቅደምልህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። ከሰው አገር ሙቀት፣ ከክፉ ሰው፣ ከብቸኝነት ይጠብቅህ፤ በተለይ ከብቸኝነት።

እናትህ
ፅጌ